ጨጓራ ብለን የጻፍነው ጦርነት

ግልጽ ደብዳቤ
ይድረስ ለጤና ሚኒስቴር፣ ለብሔራዊ ተሐድሶ ኮሚሽን፣ እንዲሁም በጸበልና በዱዓ ቦታዎች ለምታገለግሉ አባቶች

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ።

በወሎ፣ በአንድ ጤና ጣቢያ የተመላላሽ ሕክምና ክፍል ውስጥ የምሠራ ነርስ ነኝ። አቤቱታዬን ከማቅረቤ በፊት የራሴን ጥፋት አስቀድማለሁ።

አንድ አርሶ አደር በስምንት ወር ውስጥ አምስት ጊዜ ወደ ክፍሌ መጣ። ዕድሜው አርባ አይሞላም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ አካባቢያችን ሲደርስ ከሚሊሻው ጋር ዘምቶ የተመለሰ ነው። ካርዱ ላይ የእኔና የባልደረቦቼ የእጅ ጽሑፍ በተርታ ሰፍሯል፤ ጨጓራ፣ ጨጓራ፣ ታይፎይድ፣ ነርቭ፣ ጨጓራ። ሦስቱን ጨጓራ የጻፍኩት እኔ ነኝ። "ሆዴን ያቃጥለኛል፣ ደረቴን ይወጋኛል፣ እንቅልፍ አይወስደኝም" ይለኛል፤ ኦሜፕራዞል እጽፍለታለሁ፤ አመስግኖ ይወጣል። ደጅ ላይ ሌሎች ሠላሳ ሰዎች ተራ ይጠብቃሉ።

ለአምስተኛ ጊዜ በመጣ ቀን በጎረቤት ክፍል የጽዳት ሠራተኛዋን የብረት ባልዲ ከእጇ አመለጣት። ድምፁ ቤቱን ሲያናጋው ቀና ብል ወንበሩ ባዶ ነው። ሰውየው በምርመራ አልጋውና በግድግዳው መካከል ባለችው ጠባብ ቦታ ተሸጉጦ፣ ጋቢውን በራሱ ላይ ጎትቶ፣ ሁለት እጁን ማጅራቱ ላይ አቆላልፎ ይንቀጠቀጣል። ዱላው እግሬ ሥር ወድቋል። ጥቂት ቆይቶ ተነሣ። ጋቢውን አራገፈ፣ የወደቀውን ወንበር አቃንቶ ወደ ቦታው መለሰ፣ ከዚያም "ይቅርታ አድርጊልኝ ሲስተር፣ ሳላስበው ነው" አለኝ። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

"ወንድሜ፣ እስከ ዛሬ ምን እንዳየህ ጠይቄህ አላውቅም" አልኩት።

መሬት መሬት እያየ ቆየና "ማንም ጠይቆኝ አያውቅም" አለ። "ደግሞስ ስንቱን ልንገርሽ?"

ይህን እንድጽፍ ፈቅዶልኛል። ስሙንና ቀበሌውን ለእሱ ትቼዋለሁ።

ሕመሙ በመጻሕፍት ድኅረ ሰቀቀን ጭንቀት ይባላል። በአገራችን ሰው አፍ ግን ይህ ስም የለም። እናት "ድንጋጤ ገብቶበታል" ትላለች፤ ሚስት "ሌሊት ይባንናል፣ ይቃዣል" ትላለች፤ ጎረቤት "ከዚያ ወዲያ እሱ አይደለም" ይላል። እኔ ከመጽሐፉ ስም ይልቅ ሦስቱን እመርጣለሁ። በተለይ "ድኅረ" የምትለው ቃል ታስቸግረኛለች። ድኅረ ለማለት ነገሩ ያለፈ መሆን አለበት። የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ከተፈረመ ወዲህ የሰሜኑ ጦርነት ቢቆምም በክልላችን ተኩስ የሚሰማባቸው ቦታዎች አሁንም አሉ። ከክፍሌ ወጥቶ ወደ ቤቱ የሚሄደውን ሰው የሚፈራው ነገር መንገድ ላይ ሊጠብቀው ይችላል።

ሆዴን ያቃጥለኛል ያለኝ እውነቱን ነው። አንጎላችን ውስጥ አሚግዳላ የምትባል፣ የለውዝ ፍሬ የምታህል፣ የዘብ ሥራ የምትሠራ ክፍል አለች። አደጋ የመሰላትን ነገር ስታይ እስክናስብ አትጠብቅም። አድሬናሊን በደም ውስጥ ይለቀቃል፣ ልብ ይደልቃል፣ ደም ከሆድ ወደ እግርና ወደ ክንድ ይሮጣል፣ ምግብ መፈጨቱ ይቆማል፣ ጡንቻ ይገተራል። ከጥይት ለሚያመልጥ ሰው ይህ የፈጣሪ ስጦታ ነው። መከራው ያ ዘብ ጦርነቱ ካለፈ በኋላም ከጥበቃው አለመውረዱ ነው። ዓመት ከዓመት፣ ሌሊትና ቀን ለሽሽት የተዘጋጀ ሆድ ቢቃጠል፣ ለሽሽት የተገተረ ጀርባ ቢያም፣ ተኝቶ የማያውቅ ሰው ራሱን ቢያመው ምን ይገርማል? ሂፖካምፐስ የሚባለው ሌላው የአንጎል ክፍል ደግሞ የነገሮችን ጊዜና ቦታ የሚያሲዝ ነው፤ በዚያ የድንጋጤ ሰዓት ሥራውን በወጉ አይሠራም። ስለዚህ ትዝታው ቀን ሳይጻፍበት ይቀመጣል። የባልዲው ድምፅ ሰውየውን መልሶ ኅዳር 2014 ውስጥ የከተተው ለዚህ ነው።

ሌሎች አገሮችም ይህን የተረዱት ብዙ ሰው ከጎዱ በኋላ ነው። ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ ልባቸው ያለ ሌላ ምክንያት የሚደልቅ ዘማቾች በርክተው ሕመሙ "የወታደር ልብ" ተባለ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት "የመድፍ ድንጋጤ" ተባለና ቻርልስ ማየርስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1915 ጻፈበት። በዚያው ጦርነት ብሪታንያ በፍርሃት፣ በመክዳትና በመሳሰለው ወንጅላ የረሸነቻቸው 306 ወታደሮች ምሕረት ያገኙት እ.ኤ.አ. በ2006 ነው፤ ከመካከላቸው በዚህ ሕመም የተያዙ እንደነበሩ ዛሬ ይታመናል። የዛሬው ስያሜ በአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች መዝገብ የገባው ከቬትናም ጦርነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ የቀይ ሽብር ዘመን ወጣቶች ዛሬ ሰባ ዓመት እየሞላቸው ነው። ማታ በር ሲንኳኳ ፊታቸው የሚለወጥ አባትና እናት ያላቸው ሰዎች ይህን ደብዳቤ ሲያነቡ የምለው ነገር ይገባቸዋል።

ስለዚያ አርሶ አደር አእምሮ የነገረችኝ ሚስቱ ናት፤ እሱ ስለ ሆዱ እንጂ ስለ ሌላው አይናገርም። "ሥጋው ተመልሶልኛል፣ እሱ ግን ገና አልመጣም" አለችኝ። ከተመለሰ በኋላ የተወለደችውን ልጅ አቅፎ አያውቅም። የሐሙስ ገበያ መሄድ ትቷል፤ ሰው ከኋላው ሲቆም ላብ ያሰምጠዋል። ለፋሲካ በጉ ሲታረድ ከቤት ወጥቶ እስኪመሽ ወንዝ ዳር ተቀምጦ ዋለ። በሬዎቹን የት እንዳሰማራ ይረሳል። ትንሽ ነገር ይበቃዋል፤ ይቆጣል፣ ይወረውራል፣ ከዚያ ለሁለት ቀን አንገቱን ደፍቶ ዝም ይላል። ከሁሉም የከፋው በረዶ ነው አለች። በረዶ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር ልጆቹን አንድ ላይ ሰብስቦ አልጋ ሥር ይከታቸዋል፣ እሱ በራፉ ላይ ይቆማል። የስድስት ዓመቱ ልጅ አሁን ሰማዩ ሲጠቁር ሳይነገረው አልጋ ሥር ይገባል። ይህን ስትነግረኝ አለቀሰች። ልጁ ጦርነቱን አያስታውሰውም፤ ሕመሙን ግን ከአባቱ ተምሮታል።

መንፈሱ ላይ የደረሰውን ለማወቅ ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ። በፊት ዳዊት የሚደግም፣ ኪዳን የማያስታጉል ሰው ነበር። አሁን ከደጀ ሰላሙ አልፎ አይገባም፤ ቅጥሩ ውጭ ካለው የወይራ ዛፍ ሥር ቆሞ ቅዳሴው ሳያልቅ ይሄዳል። ምክንያቱን የነገረኝ በስድስተኛው ወይም በሰባተኛው ቀጠሮ ነው። ቆስሎ የወደቀ የሰፈሩ ልጅ በስሙ እየጠራው ጥሎት ሮጧል። "ያ ልጅ በስሜ ነው የጠራኝ" አለኝ፤ "አሁን ቄሱ ስሜን ሲጠሩኝ የእሱን ድምፅ እሰማለሁ።" ይህ ፍርሃት ብቻ አይደለም። ሰው የደረሰበት መከራ ሊያሳምመው እንደሚችል ሁሉ፣ ያደረገውና ማድረግ ሲገባው ያላደረገው ነገርም ያሳምመዋል። ኦሜፕራዞል አይደርስበትም፤ ብቻውን የሚሰጥ የአእምሮ መድኃኒትም አይደርስበትም።

የነፍስ አባቱ ጋር ሄዶ ነበር። ስግደትና ጾም ታዘዘለት። ለወራት ያልተኛ ሰው መቶ ስግደት ሲሰግድ አቅም አነሰውና ቀኖናውን ሳይፈጽም ቀረ፤ ይህም ሌላ በደል ሆኖ ታየው። ከዚያ ጸበል ገባ። ሰባት ቀን ተጠምቆ ጥሩ እንቅልፍ እንዳገኘ ይናገራል፤ እኔም አምነዋለሁ። እዚያ ግን አንድ ሰው መድኃኒትህን ተው አለውና የያዘውን ኪኒን ሁሉ ወንዝ ጣለ።

በአንጻሩ አንዲት ልጇን በጦርነቱ ያጣች ሙስሊም እናት አውቃለሁ። "ሰላት ላይ ቆሜ ሱረቱ ይጠፋብኛል" ትለኝ ነበር። ራስ ምታት ብዬ መድኃኒት ስሰጣት ቆይቻለሁ። መጀመሪያ ሌሊቱን ሙሉ የተኛችው በአንድ የዱዓ ቀን ነው፤ ቡናው ተፈልቶ፣ ሼኹ የሟቾቹን ስም አንድ በአንድ እየጠሩ ዱዓ ሲያደርጉ የልጇ ስም ሲደርስ በሰው መሐል ጮኻ አለቀሰች፤ ሴቶቹም አቀፏት። ስለዚህ የእምነት ቦታን ለማጣጣል አልጻፍኩም። እኔ በስድስት ወር ያልሠራሁትን ሼኹ በአንድ ምሽት ሠርተውታል።

ጭንቀቴ እነሆ ይህ ነው፤ አንድን ሰው ለሦስት ቆርሰነዋል። ሥጋውን ጤና ጣቢያ ወሰደው፣ መንፈሱን ጸበልና ዱዓ ወሰዱት፣ አእምሮውን የወሰደ የለም። ከሦስታችን አንዳችን ሌላው ምን እንዳደረገ አናውቅም። ሰውየው ግን አንድ ነው፤ ከደጅ ደጅ የሚዞረውም በእነዚያው በታመሙ እግሮቹ ነው።

መገናኘት እንደምንችል ከዚህ በፊት አይተናል። በኤች አይ ቪ ዘመን እንጦጦ ማርያም ጸበል የሚጠመቁ ብዙ ሕሙማን የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒታቸውን ያቋርጡ ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ ፓትርያርኩ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው መድኃኒቱና ጸበሉ እንደማይጣሉ፣ አብረው ሊወሰዱ እንደሚገባ በይፋ ተናገሩ። መድኃኒቱን በጸበሉ የሚውጡ ሰዎች ታዩ። በዚያ የአባቶች ቃል ስንት ነፍስ እንደተረፈ ፈጣሪ ያውቃል። ያ ቃል ዛሬ ለድንጋጤ ሕመም ይነገር ብዬ እለምናለሁ።

ክቡራን የጤና ሚኒስቴር ኃላፊዎች፣

የምጠይቀው አዲስ ሆስፒታል አይደለም። የምጠይቀው ጥያቄ ነው። ጦርነት ባለፈበት ወረዳ ሁሉ ለሆድ፣ ለራስ፣ ለወገብና ለልብ ምት ደጋግሞ የሚመጣ ሰው ካርዱ ላይ ሁለት ጥያቄ ይታተምለት፤ "ሌሊት ያባንንዎታል ወይ?" እና "ሊረሱት የሚፈልጉት ነገር ሳይጠሩት ይመጣብዎታል ወይ?" ሁለቱን ለመጠየቅ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። እኔ ስምንት ወር ፈጅቶብኛል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከዓለም ሕዝብ 3.9 በመቶው በሕይወት ዘመኑ ይህ ሕመም አግኝቶታል፤ ግጭትና ጦርነት ባዩ ሰዎች ዘንድ ቁጥሩ 15.3 በመቶ ይደርሳል። ይህ ማለት ጦርነት ካየው ሰው አብዛኛው አይታመምም ማለት ጭምር ነው። ወሎን በሙሉ በሽተኛ አድርጋችሁ እንድታዩልኝ አልፈልግም፤ ያዘነ ሁሉ አልታመመም፣ ልቅሶና ተዝካርም ሥራቸውን ይሠራሉ። ከታመሙትም ብዙዎች በጊዜና በዘመድ እጅ ይሻላቸዋል። የቀሩትን ለይቶ የሚያገኛቸው ግን የሚጠይቅ ሰው ብቻ ነው።

ስለ መድኃኒትም አንድ ነገር ልናገር። እንቅልፍ ላጣ ዘማች ዳያዜፓም እየሰጠን ማሰናበት ልማድ ሆኖብናል። ለአንድ ሌሊት ያስተኛል፤ ሕመሙን አያክምም፣ ሱስም ይሆናል። እንደ ሰርትራሊንና ፍሉኦክሰቲን ያሉት የሚረዱ መድኃኒቶች ግን ሳምንታት ይፈጃሉ፣ ሳይቋረጡ መወሰድም አለባቸው። መደርደሪያው አንድ ወር ሞልቶ ሁለት ወር ባዶ ከሆነ ጀምሮ ማቋረጡ ሰውየውን ይጎዳዋል። ሥልጠናውንም በተመለከተ እባካችሁ የአንድ ቀን ዐውደ ጥናት ይብቃን። ሰውን በአንድ ቀን ሰብስቦ የደረሰበትን ሁሉ አስተርኮ መበተን እንደማይጠቅም በጥናት የታወቀ ነው። ቢቻል ለጥቂት ነርሶች በደንብ ይሰጥ፣ ከዚያም ስንሳሳት የሚያርመን ባለሙያ በስልክም ቢሆን ይመደብልን።

ሐኪም የለም የሚለው መልስ እውነት ነው፤ ግን በቂ አይደለም። በኡጋንዳ ናኪቫሌ የስደተኞች መጠለያ ውስጥ ሐኪም ያልሆኑ ስደተኞች ሠልጥነው የሩዋንዳና የሶማሊያ ስደተኞችን በትረካ ሕክምና ረድተው ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2008 ታትሟል። ዘዴው እንዲህ ነው፤ ገመድ መሬት ላይ ይዘረጋል፣ ለክፉ ቀን ድንጋይ፣ ለደግ ቀን አበባ እየተቀመጠ ሕይወት ከልደት ጀምሮ በተራ ይተረካል። ቀን ያልተጻፈበት ትዝታ ቀኑን የሚያገኘው እንደዚህ ነው። በዞኑ ከተማ ያለ የአእምሮ ጤና ባለሙያ በስልክ እየመራኝ ከእኔ ሕመምተኛ ጋር ሞክረነዋል። የከብት ገመዱን ይዞ መጣ። ለሠርጉ ቀን የአደይ አበባ አስቀመጠ፣ ወቅቱ መስከረም ነበር። ለዚያ ልጅ ድንጋይ ለመምረጥ ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞረ። ያነሣው ትልቁን አልነበረም፤ አንዲት ለስላሳ የወንዝ ድንጋይ ይዞ መጣና ገመዱ ላይ ቀስ አድርጎ አኖራት። ከእሷ በኋላ ያለውን ገመድ ሲያይ "ይህን ያህል ቀርቶኝ ኖሯል?" አለ።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው አሉ። የቤቱን በር የሚያንኳኩ እነሱ ናቸው፤ በረዶ ሲጥል ማን አልጋ ሥር እንደሚገባ ከእኔ በፊት ያውቃሉ። ሥራ በዝቶባቸዋል፤ ያለ ተጨማሪ ክፍያና ድጋፍ ተጨማሪ ሸክም አትጫኑባቸው እንጂ ከእነሱ የተሻለ መንገድ አላውቅም።

ስለ ሴቶቹ ባጭሩ እጽፋለሁ፤ በዝርዝር መጻፍ ክብራቸውን ይነካል። "ወገቤን" እያሉ ከሦስት ዓመት በላይ የሚመላለሱ አሉ። የእኔ ክፍል በር አይዘጋም፤ ማጠፊያው ተሰብሯል። በማይዘጋ በር ውስጥ ማንም ሴት ያን ነገር አትናገርም። የበር ማጠፊያም የአእምሮ ሕክምና መሣሪያ ነውና በጀት ስትይዙ አስቡት።

ክቡራን የተሐድሶ ኮሚሽን ኃላፊዎች፣

371,971 የቀድሞ ተዋጊዎችን ወደ ኅብረተሰቡ ለመመለስ እንደምትሠሩ በይፋ ተናግራችኋል። ገንዘቡም ሥልጠናውም ያስፈልጋል። ሆኖም ብዙ ሰው በማዕከል እያለ ደኅና ይመስላል፤ ከጓደኞቹ ጋር ነው፣ ወሬ አለ፣ ሲጋራ አለ። ሕመሙ የሚወጣው ቤት ገብቶ ጸጥታው ሲመጣ ነው። ስለዚህ ከተመለሰ ከስድስት ወርና ከዓመት በኋላ የሚጠይቀው ሰው ይኑር፤ የሚጠየቀውም እሱ ብቻ አይሁን። ያ ቁጥር ሚስትን አልቆጠረም። አልጋ ሥር የሚገባውንም ልጅ አልቆጠረም።

ብፁዓን አባቶች፣ የተከበራችሁ ሼኾች፣

እጃችሁን ስሜ የምለምናችሁ ሦስት ነገር ነው። ሕመምተኛው መድኃኒቱን ይዞ ከመጣ፣ ይዞት ይቆይ፤ የእንጦጦው ቃል ለዚህም ይሁን። ቀኖና ስትሰጡ በመጀመሪያ እንቅልፉን ጠይቁት፤ ጉልበት ለሌለው ሰው ምጽዋት፣ የሟቹን እናት መጠየቅ፣ ሻማ ማብራት ከመቶ ስግደት ሊበልጥ እንደሚችል ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። እባካችሁ ደግሞ የሚጮኸውን ሰው በሰንሰለት አታሳስሩት። ምናልባት መጀመሪያውኑ ያሳመመው መታሰር ሊሆን ይችላል። እናንተ ዘንድ የሚመጣው ሕመምተኛ እኛ ዘንድ ከሚመጣው ይበዛል፤ ወደ እኛ ብትልኩልን እኛም ወደ እናንተ እንልካለን። የእኔው ሕመምተኛ የነፍስ አባት ይህን ስነግራቸው ስግደቱን አንሥተው የዚያን ልጅ እናት ማሳ በየዓመቱ እንዲያርስላት አዘዙት። ዘንድሮ አርሶላታል።

ለአገሬ ሰው ደግሞ፣ በሠርግና በቀብር መተኮሱን ተዉልኝ። ክብር መስሏችሁ የምትተኩሱት አንድ ጥይት ስንት ቤት ውስጥ ሰው ወለል ላይ እንደሚያስተኛ እኔ በማግስቱ ካርድ ላይ አነባለሁ።

ሕመምተኛዬ ፍሉኦክሰቲን ከጀመረ አራተኛ ወሩን ይዟል። በሳምንት አራት ሌሊት ይተኛል። ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ውስጥ ገብቶ ቆሞ እንዳስቀደሰ ባለፈው ነገረኝ፤ ወደ ውስጥ ገና አልገባም። የሚቀጥለው ቀጠሮው የፊታችን ሐሙስ ነው፣ ከገበያ በፊት እመጣለሁ ብሏል። ዛሬ ጠዋት ፋርማሲውን ስጠይቅ የፍሉኦክሰቲን ሣጥን ባዶ ነው፤ መቼ እንደሚገባም የሚያውቅ አላገኘሁም። ሐሙስ ሲመጣ ምን ልበለው?

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የጤና ጣቢያ ነርስ
ወሎ